ከሰበታ ጤና ጣቢያ እስከ ጄኔቫ፦ ወረርሽኝ ሲጠረጠር መረጃዎና ናሙናዎ የት ይሄዳል?

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖሩ ከሆነ ትኩሳት ይዞዎት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚጠየቁት ጥያቄ አንዳንዴ ግራ ያጋባዎት ይሆናል። «ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከከተማ ወጥተው ነበር? ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ቤት አለ? የታመመ ሰው አስታምመዋል? ቀብር ላይ አስከሬን ነክተዋል? የሞተ ከብት አርደዋል?» ሕመምተኛው የሚፈልገው መድኃኒቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ጥያቄው ግን ለእርስዎ ሕክምና ብቻ ሳይሆን ከእርስዎ ኋላ ለተሰለፈው ሰው፣ ማታ አብረውት በታክሲ ለሚሳፈሩት ሰው፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻግሮ ለሚኖር ሰው ጭምር የሚጠየቅ ነው። ከመልስዎ ተነሥቶ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ካወቁ መልሱን ለመስጠት ይቀልልዎታል።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በአስተዳደር ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው፤ በኑሮ ግን ነዋሪው ጠዋት አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለስ ነው። ከቡራዩ ተነሥቶ መርካቶ የሚነግድ፣ ከዓለም ገና ተነሥቶ ጀሞ የሚሠራ፣ ከሱሉልታ ወተት ጭኖ እንጦጦን ተሻግሮ የሚወርድ ሰው በየቀኑ የአስተዳደር ወሰን ያልፋል። ተላላፊ በሽታም አብሮት ያልፋል። አገሮች በወረርሽኝ ጊዜ ተባብረው መሥራት ለምን እንዳስፈለጋቸው ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በቡራዩ የታመመ ሰው አዲስ አበባ ሆስፒታል ቢታከም ቤተሰቡን ማን ይከታተላል የሚለው ጥያቄ ራሱ ትንሹ ምሳሌ ነው። ለዚህ ነው ካርድ ክፍል ውስጥ ትክክለኛ የመኖሪያ አድራሻዎን መስጠት የሚገባዎት። ብዙ ሰው «እዚህ ካልኖርክ አናክምህም እባላለሁ» ብሎ ፈርቶ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን አድራሻ ይሰጣል። ላቦራቶሪው ውጤት ሲያገኝ ግን የሚፈለገው እርስዎ ያለሉበት ቤት ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወቀው ወረርሽኝ አዲስ አበባን አጥቅቷል። ያን ጊዜ መላውን ዓለም ያዳረሰው ኃይለኛ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በከተማዋ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። በዚያ ዘመን አንዱ አገር ለሌላው «እንዲህ ያለ በሽታ ገብቶብናል» ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ሥርዓት አልነበረም፤ በሽታው ከወሬው እኩል ደረሰ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ይነገራል። (በነገራችን ላይ፣ ቆሻሻ ማጽዳቱ ጥሩ ነው፤ ጭሱ ግን አስም ወይም ሌላ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ይጎዳል። በዚያን ዕለት መስኮት ዘግተው ቤት ይቆዩ፣ የሚነፋውን መድኃኒት በእጅዎ ያድርጉ። ፕላስቲክ ባይቃጠል ደግሞ ለሁሉም ይሻላል።)

ትብብር ምን ሊሠራ እንደሚችልም አገራችን ውስጥ ታይቷል። ፈንጣጣን ለማጥፋት የኢትዮጵያ ባለሙያዎችና ከብዙ አገሮች የመጡ ባልደረቦቻቸው ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር ከመንደር መንደር እየዞሩ ሠርተዋል። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተመዘገበ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በጎረቤት ሶማሊያ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ተገኘ፤ በሽታውም ከዓለም ጠፋ። ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለባቸውን አያት የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

መረጃው በምን መንገድ ይጓዛል?

በኢትዮጵያ አንዳንድ በሽታዎች ገና ሲጠረጠሩ ወዲያውኑ ሪፖርት ይደረጋሉ። ከእነዚህ መካከል ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ቢጫ ወባ፣ አባ ሰንጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ በልጅ ላይ በድንገት የሚታይ የእጅ ወይም የእግር መዛል (ፖሊዮ ሊሆን ስለሚችል)፣ እንዲሁም እንደ ማርበርግና ኢቦላ ያሉ ደም የሚያፈሱ የትኩሳት በሽታዎች ይገኙበታል። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ተስቦና ማጅራት ገትር የመሰሉት ደግሞ በየሳምንቱ ይጠቃለላሉ።

ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲጠረጠር መመሪያው የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ጤና ጣቢያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ለበላይ አካል ያሳውቃል፤ እሱም በሌላ 30 ደቂቃ ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ ክልሉን አልፎ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ኢንስቲትዩቱ የሚገኘው ጉለሌ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም «ፓስተር» ብሎ ይጠራዋል።

ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ክፍል ይጀምራል። ኢትዮጵያን ጨምሮ 196 አገሮች የተሳተፉበት «ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ» የሚባል ውል አለ። አንድ አገር ለሌሎች አገሮች ሊያሠጋ የሚችል የጤና ክስተት መኖሩን ከገመገመ በ24 ሰዓት ውስጥ ጄኔቫ ላለው የዓለም ጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ሰበታ ውስጥ አንዲት ነርስ ያየችው ያልተለመደ ሕመም ሥርዓቱ በትክክል ከሠራ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ጄኔቫ ሊሰማ ይችላል። ካልሠራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፦ ሕመምተኛው ሲዘገይ፣ ታሪኩን ሲደብቅ፣ ወይም ባለሙያው «ታይፎይድ ነው» ብሎ ሳይመረምር ሲሸኝ።

«ስሜም ጄኔቫ ይደርሳል ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዓለም የሚነገረው የበሽታው ዓይነት፣ የሰዎቹ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታና አካባቢ ነው። ስምዎና ስልክዎ ለክትትል የሚያስፈልጉት እዚሁ ላሉ ባለሙያዎች ነው፤ ደንቡም የግል የጤና መረጃ በምስጢር እንዲያዝ ያዛል።

ናሙናውስ?

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወሬ ከቻይና በተሰማበት ሰሞን ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይረሱን መመርመር አይቻልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና በአውሮፕላን ተጭኖ ደቡብ አፍሪካ ይሄድና ውጤቱ ይጠበቅ ነበር። አንድ ቤተሰብ ልጁ ለብቻው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከሌላ አገር የሚመጣ ወረቀት ሲጠብቅ ያለውን ጭንቀት መገመት አያዳግትም። ብዙም ሳይቆይ ምርመራው ጉለሌ ተጀመረ፤ አፍሪካ ሲዲሲም የብዙ አገሮችን የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዳካር፣ ሴኔጋል ሰብስቦ አሠለጠነ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲገኝ ውጤቱ የወጣው እዚሁ ነው።

በዚያው ወር ከቻይናው ጃክ ማ ፋውንዴሽን የተላከ ጭምብልና መመርመሪያ አዲስ አበባ ደርሶ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአፍሪካ አገሮች አከፋፈለው። መስከረም 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የኮቪድ መመርመሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ተመረቀ። ናሙና ወደ ውጭ ይልክ የነበረ አገር በጥቂት ወራት ውስጥ መመርመሪያ ወደ ማምረት መድረሱ ብዙ አልተነገረለትም፤ ሊነገርለት ግን ይገባ ነበር።

ሰበታ ያለው ላቦራቶሪ

ብዙ የሰበታ ነዋሪ አጥሩን እያየ ያልፋል እንጂ ውስጡ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ቀድሞ የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራና ጥናት ማዕከል ይባል ነበር፤ አሁን የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከመላ አገሪቱ የሚመጣ የከብት፣ የበግ፣ የዶሮና የውሻ ናሙና ይመረመርበታል። በኮቪድ ጊዜ የሰው ናሙና ከመረመሩት ላቦራቶሪዎችም አንዱ ይኸው ነበር። የቫይረስን ዘር የሚለየው ፒሲአር የተባለው ማሽን ናሙናው ከሰው ይምጣ ከበሬ አይለይም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያና ጥንቃቄ ያለው ክፍል እስካለ ድረስ ይሠራል።

የእንስሳት ላቦራቶሪ በጤና ገጽ ላይ መነሣቱ አይግረምዎት። ለሰው አዲስ ከሆኑ በሽታዎች አብዛኞቹ መነሻቸው እንስሳ ነው። የእንስሳ ብቻ የሆነ በሽታም ሰውን ይገድላል፦ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ አራሹን ባዶ እጁን አስቀረው፤ «ክፉ ቀን» የሚባለው ረሃብም ተከተለ። ያ በሽታ አገሮች ለአሥርት ዓመታት ተባብረው ከብት ሲከትቡ ከቆዩ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

ለሱሉልታና ለሰበታ ቤተሰብ የዕለት ተዕለቱ ጉዳይ ግን ወተት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ከብቶች ላይ፣ ሰበታና ሱሉልታን ጨምሮ፣ የተደረጉ ጥናቶች የከብት ሳንባ ነቀርሳ በብዛት እንዳለ አሳይተዋል። ጥሬ ወተት ይህንንም ሆነ ብሩሴሎሲስ የተባለውን ለወራት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣ በሽታ ያስተላልፋል። ወተቱን አፍልተው ይጠጡ፤ በተለይ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው። ላም ካስወረደች ሽሉንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አይንኩ። ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይገፈፍ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። «ሀብቴ ባክኖ ይቅር ወይ?» የሚለው ሐዘን ይገባናል፤ ነገር ግን አንድ በሬ የበላ ሰፈር ሙሉ ሊታመም ይችላል።

ክትባቱ ለምን ዘገየ? ማንስ ይሰጣል?

በኮቪድ ጊዜ ሀብታም አገሮች ክትባቱን ገና ሳይመረት ገዝተው ያዙት። ሌሎች አገሮች እንዲደርሳቸው ኮቫክስ የተባለ የጋራ ግዥና ማከፋፈያ ተቋቋመ። በእሱ አማካይነት የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እንግሊዝ መከተብ ከጀመረች ሦስት ወር ሊሞላ ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ያ መጠን ለጤና ባለሙያዎች፣ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ብቻ የሚሆን ነበር፤ ለእነሱም ቢሆን በቂ አልነበረም። ክትባቱ እየተጠበቀ የሞቱ ሰዎች ቤተሰቦች ቅሬታ አላቸው፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው።

ያንን ላለመድገም አገሮች ለሦስት ዓመት ያህል ተደራድረው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በጄኔቫ የወረርሽኝ ስምምነትን አጽድቀዋል። ዋናው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ አንድ አገር አዲስ ቫይረስ ሲያገኝ ናሙናውንና የዘር መረጃውን ፈጥኖ ያካፍላል፤ በምላሹ በሥርዓቱ የሚሳተፉ የክትባትና የመድኃኒት አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት 20 በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲደርስ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሹ በነፃ ይሆናል። ይህ እንዴት እንደሚፈጸም የሚወስን አባሪ ለብቻው እንዲደራደሩበት ተትቷል። ስምምነቱ ሥራ ላይ የሚውለው አባሪው ጸድቆ 60 አገሮች በየፓርላማቸው ካጸኑት በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ እጅ ላይ ያለ መብት አድርገው አይቁጠሩት።

ስለ ስምምነቱ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወራም አለ፤ «የዓለም ጤና ድርጅት በግዳጅ ሊከትበን፣ ቤት ሊዘጋብን ነው» የሚል። የስምምነቱ ጽሑፍ በግልጽ የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ ድርጅቱ አንድን አገር እንዲከትብ፣ ጉዞ እንዲከለክል ወይም እንቅስቃሴ እንዲዘጋ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ውሳኔው የየአገሩ መንግሥት ነው።

ለአንዳንድ በሽታዎች ደግሞ ከቆየ በኋላ የሚገዛ ሳይሆን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የጋራ ክምችት አለ። የኮሌራ፣ የቢጫ ወባና የማጅራት ገትር ክትባት እንዲህ ይቀመጣል፤ ወረርሽኝ የገባበት አገር ሲጠይቅ ይላክለታል። የኮሌራው ክምችት በዓለም ላይ ከጠያቂው ብዛት የተነሣ ስላነሰ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በወረርሽኝ ጊዜ በሁለት ፈንታ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ተወስኗል። ዘመቻ መጥቶ «ሁለተኛው መቼ ነው?» ብለው ጠይቀው «የለም» ከተባሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። አንዱ ክትባት ለአጭር ጊዜ ይከላከላል፤ ውኃ ማከምና እጅ መታጠብ ግን አይቀርም።

ጂንካ፣ ኅዳር 2018

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተረጋገጠ፤ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ምርመራው የተደረገው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ናሙና ደቡብ አፍሪካ መላክ አላስፈለገም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው አፍሪካ ሲዲሲ ባለሙያና ቁሳቁስ ይዘው ደረሱ። በጥር ወር የመጨረሻው ሕመምተኛ ነገር ካበቃ 42 ቀን ሲሞላ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። 42 የሆነው በሽታው ከተያዙ በኋላ እስኪታይ ድረስ የሚፈጀው ረጅሙ ጊዜ 21 ቀን ስለሆነና ያ ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር ነው። የሦስት ሳምንት ጉዞዎን የሚጠይቁዎትም ለዚሁ ነው።

ማርበርግ በድንገተኛ ከባድ ትኩሳት፣ በኃይለኛ ራስ ምታትና በጡንቻ ሕመም ይጀምራል፤ ከቀናት በኋላ ማስታወክና ተቅማጥ፣ በአንዳንዶች ላይም ደም መፍሰስ ይከተላል። አጀማመሩ ከወባና ከታይፎይድ አይለይም። ሰው ምልክት ሳያሳይ አያስተላልፍም፤ የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ ፈሳሽ ነው። የተመዘገበ ክትባት የለውም። በቶሎ የተገኘ ሕመምተኛ ግን የመዳን ዕድሉ ከፍ ይላል፦ ሩዋንዳ በ2017 ዓ.ም. ከተያዙባት 66 ሰዎች 15ቱ ሲሞቱባት ቀደም ባሉ ብዙ ወረርሽኞች ግን ከተያዙት ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ ይሞቱ ነበር።

ገንዘቡ ሲቀንስ

ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከዓለም አቀፉ የወረርሽኝ ፈንድ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለዝግጁነት ተፈቅዶላታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። የውጭ ገንዘብ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሌላ ቀን ይሄዳል። የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህ ቀጥታ ይነካዎታልና ቀጠሮዎን አያሳልፉ፤ ሕመምዎ የተረጋጋ ከሆነ የኤችአይቪ መድኃኒት ለስድስት ወር የሚሰጥበት አሠራር ስላለ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

ትኩሳት ሁሉ ወረርሽኝ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ነገር ግን ሲሄዱ የጉዞዎን፣ የእንግዳዎን፣ የቀብሩንና የከብቱን ነገር ሳይጠየቁ ይናገሩ። ምንም መድኃኒት፣ የባህል ሕክምናም ሆነ ጸበል፣ ወስደው ከሆነ ይንገሩ፤ ባለሙያው የሚፈልገው ለመውቀስ ሳይሆን ለማወቅ ነው።

ናሙና ከተወሰደብዎት ውጤቱ የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚደርስና ማን እንደሚደውልልዎት ጠይቀው ይውጡ። ውጤት እስኪመጣ ለብቻዎ እንዲቆዩ ከተነገረዎት አብሮዎት የሚኖር አንድ ሰው ብቻ ያስታምም፣ ሳህንና ፎጣ ይለይ፣ መስኮት ይከፈት። በአንድ ክፍል ስድስት ሆነው የሚኖሩ ከሆነ ይህንኑ ለባለሙያው ይናገሩ፤ ሌላ ቦታ ሊፈለግልዎት ይገባል። ለክትትል ተመዝግበው ሳለ ከሰበታ ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ቢሄዱ የሚከታተልዎት ሰው ይጠፋብዎታል፣ እርስዎም ይጠፉበታል።

የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ ወረርሽኝ ቢነሣም መድኃኒትዎን አያቋርጡ። በኮቪድ ጊዜ «ሆስፒታል ያስይዘኛል» ብለው ፈርተው ቤት የቀሩ ሕመምተኞች በራሱ በስኳሩና በግፊቱ ተጎድተዋል። ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት ቤት ይኑር።

ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

አንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን ተመሳሳይ ሕመም ከያዘው፣ ወይም ሩዝ የታጠበበት ውኃ የሚመስል ተቅማጥ ያለበት ሰው ካለ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይንገሩ ወይም በነፃ ስልክ 8335 ወይም 952 ይደውሉ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያጠጡት፤ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንቱ ከቆመ አምቡላንስ ሳይጠብቁ ባገኙት መኪና ይውሰዱት።